ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ጎንደሬ የተዘጋጀ የአጀማመር መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ኮምፒውተር በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። በማራኪ ግቢ ተማሪዎች እጅ፣ በፒያሳ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች፣ በአዘዞ በሚገኙ አነስተኛ ቢሮዎች ውስጥ ገና በደንብ የሚሠሩ፣ ነገር ግን ይህን መስፈርት የማያሟሉ ላፕቶፖች ሞልተዋል። የእነዚህ ማሽኖች ባለቤት ማሻሻያ በማያገኝ ሥርዓት መቀጠል፣ ገንዘብ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት፣ ወይም በዚያው ማሽን ላይ ሊኑክስን መጫን ይችላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሦስተኛውን መንገድ ለሚያስብ፣ ግን ከዊንዶው ሌላ ነገር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ነው።

ሊኑክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ጀማሪው በወቅቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። እሱ የጻፈው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አስኳል ብቻ ነው፤ ዛሬ በላፕቶፕ ላይ የምንጭነው በዚያ አስኳል ዙሪያ የዴስክቶፕ ገጽታ፣ የፋይል ማያ፣ የቢሮ ሶፍትዌርና የመሳሰሉት ተሰብስበው የተሠራ ሙሉ ሥርዓት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ስም ይሰጠዋል። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ ዴቢያን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚወርዱ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚባዙና ለጓደኛ የሚሰጡ ናቸው። በክራክ የተከፈተ ዊንዶው በየፍላሹ በሚዞርበት በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የሥርዓቱን መቆለፊያ ለመስበር የሚጫነው ፕሮግራም ራሱ ምን ይዞ እንደሚገባ የሚያረጋግጥልን የለምና።

ይሁን እንጂ ሊኑክስን ጀምረው የተዉ ሰዎችን ሳስተውል፣ አብዛኞቹን ያስተዋቸው መጫኑ አልነበረም። ከጫኑ በኋላ በማግስቱ የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ፣ የድሮ ሰነድ መክፈት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ማሳተም ሲያስፈልጋቸው መንገዱ ጠፋባቸው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ አካሄድ የተለመደውን ቅደም ተከተል ይገለብጣል፤ በመጀመሪያ የዕለት ሥራዎን ወደ አዲሶቹ ፕሮግራሞች ያዛውራሉ፣ ቀጥሎ ሥርዓቱን ሳይጭኑ ይሞክራሉ፣ መጫን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራዎን ይወቁ

ባለፈው ወር በኮምፒውተርዎ ላይ የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ላይ ይጻፉ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ኢሜይል ብቻ ከሆኑ ምንም ችግር የለም፤ ፋየርፎክስም ቴሌግራምም በሊኑክስ ላይ አሉ። ጽሑፍ መጻፍና የሠንጠረዥ ሥራ ከሆነ ሊብረኦፊስ አለ፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ በዚያው ዓይነትም መልሶ ያስቀምጣል። ፊልምና ሙዚቃ ከሆነ ብዙ ሰው አሁንም የሚጠቀምበት ቪኤልሲ በሊኑክስም ያው ነው።

አስቸጋሪው ሥራቸው በአንድ በተወሰነ የዊንዶው ፕሮግራም ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ጉዳይ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ሆነው ደብተሩን በፒችትሪ የሚይዙ ከሆነ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም። አውቶካድና ፎቶሾፕም እንደዚሁ ናቸው። በጤና ሳይንስ ትምህርት ለምርምር የሚያገለግለው ኤፒ ኢንፎም ለዊንዶው የተሠራ ነው፤ በአንጻሩ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ በነፃ ይሠራል፣ ፒኤስፒፒ የሚባለውም ለኤስፒኤስኤስ ተጠቃሚ ቅርብ ነው። የዊንዶው ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የሚሞክር ዋይን የተባለ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ጀማሪ እንጀራውን በእሱ ላይ እንዲያስቀምጥ አልመክርም። እንጀራዎ በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ ከሆነ ዊንዶውን ሳያጠፉ ሊኑክስን ከጎኑ ይጫኑ፣ ወይም ለጊዜው ይተዉት።

ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ሊብረኦፊስን፣ ፋየርፎክስንና ቪኤልሲን አሁን ባለው ዊንዶው ላይ ይጫኑ፤ ሦስቱም ለዊንዶውም ተሠርተዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል ደብዳቤውንም ሪፖርቱንም በሊብረኦፊስ ብቻ ይጻፉ። ሊኑክስ ላይ ሲደርሱ እንግዳ የሚሆንብዎ ዙሪያው ብቻ እንጂ የሚሠሩበት መስኮት አይሆንም። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመልመድ የሚሞክር ሰው ችግር ሲገጥመው ከየትኛው እንደመጣ እንኳ መለየት ይቸግረዋል።

የትኛውን ይምረጡ?

ለዊንዶው ተጠቃሚ እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ሚንት እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ፣ በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ነው፤ ምናሌው ከታች በግራ በኩል፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ በኩል ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። 22ኛው ትውልድ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። አዘጋጆቹ በትንሹ 2 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) እና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃሉ፤ ያለ መጨናነቅ ለመሥራት ግን 4 ጊጋባይት ራም ይመክራሉ። ሚንት በሦስት ገጽታ ይቀርባል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ሲናሞንን፣ 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ ይውሰዱ። ኡቡንቱን መምረጥም ስህተት አይደለም፤ በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ አካባቢ የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትም ለ5 ዓመት ይደገፋል። የሚወርደው ፋይል ግን ከሚንት በእጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ደግሞ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው።

ፋይሎችዎንና የድሮ የአማርኛ ሰነዶችዎን ያሰናዱ

ከማንኛውም ነገር በፊት ሰነዶችዎን፣ ፎቶዎችዎንና የምርምር መረጃዎን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከገለበጡም በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው መነበባቸውን ያረጋግጡ። ቅጂው በዚያው ላፕቶፕ በሌላው ፓርቲሽን (ዲስኩ ከተከፈለባቸው ክፍሎች በአንዱ) ላይ ከሆነ ቅጂ አይባልም።

በዚህ ጊዜ ለአማርኛ ሰነዶች የተለየ ትኩረት ይስጡ። በአገራችን ቢሮዎች የተጻፉ ሰነዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በዩኒኮድ የተጻፈ ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይነበባል። ሁለተኛው ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር፣ የግዕዝን መልክ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ቀደምት ፎንቶች ከዚህ ወገን ናቸው። የእርስዎ ሰነድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሰነዱን ይክፈቱ፣ አንድ አንቀጽ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ይለውጡ። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው። ወደ ተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጠ ግን የድሮው ዓይነት ነው።

የድሮው ዓይነት ሰነድ ሊኑክስ ላይ የሚነበበው ያ ፎንት ራሱ ከተጫነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዊንዶው ላይ እያሉ የሚጠቀሙባቸውን የግዕዝ ፎንቶች በፍላሽ ይያዙ፤ ሊኑክስ ላይ የፎንቱን ፋይል ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ የመጫኛ ቁልፍ ያለው መስኮት ይከፈታል። ከእንግዲህ የማይለወጡ ሰነዶችን፣ ለምሳሌ የተፈረሙ ውሎችንና የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን፣ ዊንዶው ላይ ሳሉ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ጥንቃቄ ነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ያው ሆኖ ይነበባል።

ማውረድና ፍላሽ ማዘጋጀት

የሚንት መጫኛ አይኤስኦ የሚባል አንድ ፋይል ሲሆን መጠኑ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ከሚንት ይፋዊ ዌብሳይት ብቻ ያውርዱት። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ በዚያው ዌብሳይት ላይ የሚገኘውን የቶረንት ማውረጃ ይጠቀሙ፤ ቶረንት ግንኙነቱ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተበላሸውንም ቁራጭ ለይቶ ደግሞ ያወርዳል። የሌሊት ጥቅል ያለው ሰው ከመተኛቱ በፊት አስጀምሮ ቢተወው ወጪው ይቀንሳል። አንድ ሰው ካወረደው በኋላ ሌሎች ከእሱ በፍላሽ መውሰድ ይችላሉ፤ በአንድ ዶርም ያሉ አምስት ተማሪዎች አምስት ጊዜ ማውረድ የለባቸውም።

ቀጥሎ ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፋይሉን በተራ ግልበጣ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ ኮምፒውተሩን አያስነሳም፤ ሩፈስ በሚባል ትንሽ የዊንዶው ፕሮግራም አማካይነት መጻፍ አለበት። ሩፈስን ይክፈቱ፣ ፍላሹን ይምረጡ፣ አይኤስኦውን ያሳዩትና ያስጀምሩት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አይርሱ። ከገበያ በርካሽ የሚገዙ አንዳንድ ፍላሾች በላያቸው የተጻፈውን ያህል አይይዙም፤ ሲጻፍ ስህተት ካሳየ ፋይሉን ከመጠርጠርዎ በፊት ሌላ ፍላሽ ይሞክሩ።

ሳይጭኑ መሞከር

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ፍላሹን ይሰኩ፣ ከዚያ ሲያበሩት ወዲያው የማስነሻ ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይንኩ። በኤችፒ ኢስኬፕን ነክተው ከዚያ ኤፍ9፣ በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ በአሱስ ኢስኬፕ ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ። ጥቂት ቆይቶ የሚንት ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ በዚህ ሰዓት ሥርዓቱ የሚሠራው ከፍላሹና ከራም ላይ ስለሆነ ሃርድ ዲስክዎ አልተነካም። ፍላሹን ነቅለው እንደገና ሲያስነሱ ዊንዶው እንደነበረ ይመለሳል።

አዲስ ቤት የሚከራይ ሰው ውኃው መውረዱን፣ በሩ መዘጋቱን አይቶ ውል እንደሚፈርም፣ እርስዎም እዚህ ላይ ሁሉንም ይፈትሹ። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፁ ይሰማል? የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? ካሜራውስ? መምህር ከሆኑ ፕሮጀክተር ላይ ሰክተው ይዩት። ከፍላሽ ሲሠራ ቀስ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ፍጥነቱን በዚህ አይለኩት።

በብዛት የሚያስቸግረው ዋይፋይ ነው፤ በተለይ ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የዋይፋይ ካርዶች ያሉባቸው የቆዩ ላፕቶፖች ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይፈልጋሉ። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአንድሮይድ ስልክዎን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና በስልኩ ቅንብር ውስጥ ኢንተርኔትን በዩኤስቢ ማጋራትን ይክፈቱ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኢንተርኔት አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያ የድራይቨር አስተዳዳሪ የሚለውን ከምናሌው ከፍተው የሚመከረውን ይጫኑ።

መጫን

ሙከራው ካረካዎት ወደ መጫኑ ይለፉ፤ የመጀመሪያው ዝግጅት ግን ዊንዶው ውስጥ ነው። ፈጣን ማስነሻ የሚባለውን የዊንዶው ቅንብር ከኃይል ቅንብሮች ውስጥ ገብተው ያጥፉት፤ ካልጠፋ ዊንዶው ሲዘጋ በእርግጥ አይዘጋም፣ ሊኑክስም የዊንዶውን ፓርቲሽን ለማንበብ ብቻ እንጂ ለመጻፍ አይከፍተውም። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶው የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁጥር ፈልገው በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ በዊንዶው የራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ከዋናው ፓርቲሽን ላይ ቢያንስ 40 ወይም 50 ጊጋባይት ቀንሰው ባዶ ይተዉ።

መብራት ይጠንቀቁ። ዲስክ በሚከፋፈልበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ መረጃ ሊጠፋ ይችላል። ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ በቻርጀር ላይ ይሁን፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ወስደው ይጫኑ። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ቀን ለነገ ማስተላለፍ ይሻላል።

እንደገና ከፍላሹ አስነስተው ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ይክፈቱ። ለቋንቋ እንግሊዝኛን እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ የአማርኛው ትርጉም ያልተሟላ በመሆኑ ገጹ ግማሽ በግማሽ ይሆንብዎታል፣ ችግር ሲገጥምዎም መፍትሔውን የሚፈልጉት በእንግሊዝኛው ስም ነው። በአማርኛ መጻፍ ከዚህ ጋር አይያያዝም። የመጫኛ ዓይነት ሲጠየቁ ከዊንዶው ጎን ጫን የሚለውን ይምረጡ። ዲስኩን አጥፋ የሚለው ምርጫ በእርግጥ ሁሉንም ያጠፋል፤ የምርጫውን ገጽ ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አይለፉ። የሰዓት ክልል ላይ አዲስ አበባን ይምረጡ። የሚሰጡት የይለፍ ቃል ከእንግዲህ ፕሮግራም በጫኑ ቁጥር የሚጠየቁት ስለሆነ የማይረሱት ይሁን።

ሁለቱን ሥርዓቶች እየቀያየሩ ሲያስነሱ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ ተዛብቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ምክንያቱ ዊንዶው በማሽኑ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ሲጽፍ ሊኑክስ ግን የዓለም አቀፉን ሰዓት መጻፉ፣ የእኛም ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት መቅደሙ ነው። ኢንተርኔት ሲገናኝ ሊኑክሱ ራሱ ያስተካክላል፤ ዊንዶው ላይ ግን ከሰዓት ቅንብሩ ገብተው አሁን አመሳስል ማለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሲ እና ዲ የሚባሉ ድራይቮች እዚህ የሉም። የእርስዎ ነገር ሁሉ ሆም በሚባለው ፎልደር ውስጥ በስምዎ ይቀመጣል፤ ፍላሽ ሲሰኩ በፋይል ማያው በግራ በኩል ይታያል፣ የዊንዶውም ፓርቲሽን እዚያው ስለሚታይ ሰነዶችዎን ከዚያ መክፈት ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ስም ሲሰጡ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያሉ፤ አንድ ስም በትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል ቢጻፍ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ፍላሽ ሲያወጡ ከስሙ አጠገብ ያለውን የማስወጫ ምልክት ጠቅ አድርገው ይጠብቁ። ሊኑክስ ግልበጣው አለቀ ካለ በኋላም መጻፉን ሊቀጥል ስለሚችል፣ ይህን ሳያደርጉ የሚነቀል ፍላሽ ላይ የተገለበጠው ፋይል ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከኢንተርኔት ቤትና ከኮፒ ቤት ይዘነው የምንመጣውን፣ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ የለም። ለዊንዶው የተጻፈ በመሆኑ ሊኑክስ ላይ አይነሳም፤ የተደበቁት እውነተኛ ፎልደሮችም በግልጽ ይታያሉ። ሾርትከቶቹንና የማያውቋቸውን ፋይሎች ያጥፉ፤ የእርስዎ ማሽን ባይታመምም ፍላሹ የሌላውን ሰው ዊንዶው ሊበክል ይችላልና።

ፕሮግራም ሲፈልጉ ጎግል ላይ ገብተው አያውርዱ። ከምናሌው ውስጥ የሶፍትዌር አስተዳዳሪውን ከፍተው ስሙን ይፈልጉ። አንድ ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ሆኖ ቢቀርብልዎ፣ አንዱ የሥርዓቱ ጥቅል ሌላው ፍላትፓክ ነው፤ ፍላትፓኩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበልጣል። ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው የሥርዓቱ ጥቅል ይሻላል። ማሻሻያውም እንደዚሁ ነው፤ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ማሻሻያ ትልቅ ስለሆነ የቢሮ ወይም የግቢ ዋይፋይ ባለበት ያካሂዱት፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን በሳምንት አንድ ጊዜ አይዝለሉ። ከመጀመሪያው ማሻሻያ በፊት ታይምሺፍት የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው የሥርዓቱን ቅጂ ያስቀምጡ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ቀን ይመለሳሉ። ታይምሺፍት የሚጠብቀው ሥርዓቱን እንጂ የግል ሰነዶችዎን አይደለም።

በአማርኛ መጻፍ

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ግን ተመልሰው አይነኩትም። በሶፍትዌር አስተዳዳሪው ውስጥ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ መሣሪያ ይፈልጉ፤ በእንግሊዝኛ አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ ተብሎ ይጻፋል። እሱንና ኤም17ኤን የሚል የተቀጠለበትን ተጨማሪውን ይጫኑ። ከዚያ የመጻፊያ ዘዴ የሚለውን ቅንብር ከምናሌው ከፍተው አይባስን ይምረጡ፣ ከመለያዎ ወጥተው እንደገና ይግቡ። በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ ቋንቋ ጨምር ሲሉ ከአማርኛ ሥር ሴራ የሚል ያገኛሉ፤ እሱን ይጨምሩ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶው ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ስፔስን ይንኩ።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኢ፣ አር የሚሉትን ቁልፎች በተራ ሲነኩ ‹ጎንደር› ተብሎ ይጻፋል፤ አናባቢ ያልተከተለው ፊደል ሳድስ ሆኖ ይቀራል። ቲን ብቻውን ሲነኩ ‹ት›፣ ሺፍት ይዘው ሲነኩ ‹ጥ› ይሆናል፤ በሲ ‹ች› እና ‹ጭ›፣ በኤን ‹ን› እና ‹ኝ› በዚሁ መንገድ ይገኛሉ፤ ‹ሽ› በኤክስ ቁልፍ ናት። የሁለት ነጥብ ቁልፉን ደጋግመው ሲነኩ አራት ነጥብ ይመጣል። በፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፤ በቀን አንድ ገጽ ከጻፉ ግን ቶሎ ይስተካከላል። ሴራ ካልተስማማዎ ኪማን የተባለው ፕሮግራም ለሊኑክስም አለ፤ የአማርኛ ገበታዎችም አሉት።

ለፎንት አቢሲኒካ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉትን ከሶፍትዌር አስተዳዳሪው ያግኙ። ዊንዶው ላይ የለመድነው ኒያላ የማይክሮሶፍት በመሆኑ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። ስለዚህ በኒያላ የተጻፈ ባለ 60 ገጽ ጽሑፍ ሲከፍቱ በሌላ ፎንት ስለሚተካ የገጹ ቁጥር ሊበልጥ ወይም ሊያንስ፣ ሠንጠረዡም ወደ ቀጣዩ ገጽ ሊወርድ ይችላል። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ የተለወጠው መልኩ ነው። አማካሪዎ በዎርድ አስተያየት እየጻፉ የሚመልሱልዎ ከሆነ ከመጀመሪያው ተነጋግረው በአንድ ፎንት ይስማሙ።

ወደ ኮፒ ቤት ሲሄዱ የሊብረኦፊሱን ፋይል ሳይሆን ፒዲኤፉን ይዘው ይሂዱ። በሊብረኦፊስ የላይኛው መስመር ላይ ያለው የፒዲኤፍ ምልክት በአንድ ጠቅታ ያወጣዋል። ሰነዱ በእርስዎ ስክሪን ላይ እንደነበረ ሆኖ ይታተማል፣ ወረፋ ይዘው ከቆሙ በኋላ ፊደሉ ወደ ካሬ ካሬ ሲለወጥ ከማየትም ይድናሉ። የራስዎ ፕሪንተር ካለ አብዛኞቹ የኤችፒ ሞዴሎች ሲሰኩ ይታወቃሉ፤ አንዳንድ የካኖን ሌዘር ፕሪንተሮች ግን የሊኑክስ ድራይቨራቸው ከአምራቹ ዌብሳይት ላይ መውረድ አለበት።

ስለ ጥቁሩ መስኮት

ብዙ ሰው ሊኑክስን የሚፈራው ተርሚናል በሚባለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት ምክንያት ነው። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ያለ ተርሚናል መሥራት ይቻላል። ሆኖም እርዳታ ሲጠይቁ ትእዛዝ ሊሰጥዎ ይችላል፤ ያኔ ሦስት ነገር ይወቁ። እዚህ መስኮት ውስጥ ለመገልበጥና ለመለጠፍ ከኮንትሮል ጋር ሺፍትንም መያዝ ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል ሲጽፉ ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል፤ ጽፈው ኢንተርን ይንኩ። ምን እንደሚያደርግ ያልገባዎትን ትእዛዝ፣ በተለይ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን፣ የሰጠዎ ሰው እስኪያብራራልዎ ድረስ አያስገቡ።

እርዳታ ሲጠይቁም አልሠራም ብቻ አይበሉ። የላፕቶፑን ሞዴል፣ የሚንቱን እትም ቁጥር፣ ምን ሲያደርጉ ምን እንደሆነ፣ የወጣውንም የስህተት መልእክት በስልክ አንስተው ይላኩ። የሚረዳዎ ሰው በመልስ ጥያቄ እርስዎንም ራሱንም ሳያደክም ቶሎ ይደርስበታል።

ወር ሁለት ወር ሠርተውበት ካልተስማማዎ መመለስ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሊኑክሱን ፓርቲሽን በቀጥታ ከዊንዶው ገብተው አያጥፉት። ኮምፒውተሩ ሲበራ በቅድሚያ የሚያገኘው የሊኑክስን ማስነሻ ስለሆነ፣ ፓርቲሽኑ ቀድሞ ከጠፋ ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ ወደ ባዮስ (ዊንዶውም ሊኑክስም ከመነሣታቸው በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ገብተው የዊንዶውን ማስነሻ ቀዳሚ ያድርጉ፣ ማሽኑ በቀጥታ ወደ ዊንዶው መግባቱን ያረጋግጡ፣ ሆም ውስጥ ያስቀመጧቸውን ሰነዶች ወደ ውጫዊው ዲስክ ማውጣትዎን ይመልከቱ፤ ከዚያ በዲስክ ማስተዳደሪያው የሊኑክሱን ክፍል አጥፍተው ቦታውን ወደ ዊንዶው ይመልሱ።